በጓሮ በኩል የሚያልፉ ልጆች

ጥቅምት 9

ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከረማችሁ? በሄዳችሁበት ሁሉ እንቅፋት እንዳያገኛችሁ፣ የያዛችሁት እንዲቃናላችሁ እየለመንኩ ነው ይህን የምጽፈው። እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ አልፎ አልፎ ያስቸግረኛል። ከወንበሩ ነው እንጂ ከዕድሜ አይደለም እያልኩ ቆየሁና ወንበሩን ለወጥኩ፤ አሁን የማሳብብበት አጣሁ።

ባለፈው በስልክ የነገርሽኝን ያመንኩት ከዘጋሁት በኋላ ነው። ስልክ ለእኔና ለአንቺ አልሆነንም። ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ ምን አዲስ ነገር አለ፣ ምንም፤ ከዚያ አንዳችን የሌላችንን ትንፋሽ ስንሰማ ቆይተን እንዘጋዋለን። ስለዚህ በወረቀት ድገሚልኝ። በሐምሌ ትምህርት ሲዘጋ ልጅሽን ይዘሽ ልትመጪ፣ አንቺ ለሥራሽ ቀድመሽ ልትመለሺ፣ እሷ ግን ትምህርት እስኪከፈት እኔ ጋ ልትቆይ ነው? እውነት ከሆነ ከአሁኑ መጠበቅ እጀምራለሁ። እናታችን ካረፈች ወዲህ በዚህ ቤት ከእኔ በቀር ያደረ ሰው የለም። ጠዋት ስነሳ ኩባያዬን የማገኘው ማታ ያስቀመጥኩበት ቦታ ላይ ነው። ሰው ያለበት ቤት እንዲህ አይደለም።

የፊተኛው ክፍል አሁንም የስፌት ክፍል ነው። የተማሪ ዩኒፎርም ብቻ ነው የምሰፋው፤ ሰማያዊ ሱሪና ነጭ ሸሚዝ። ልጅሽ ደግሞ ጓደኛ አታጣም። የጓሮው ግንብ አንዱ ጥግ ጎርፍ ካፈረሰው ወዲህ እንደተከፈተ ቀርቷል። ከጀርባ ያለው ሰፈር ልጆች በዚያ ቀዳዳ ገብተው ግቢዬን አቋርጠው በበሬ ይወጣሉ፤ ትምህርት ቤቱ እንደምታውቂው ፊት ለፊት ነው። መጀመሪያ ሰሞን በጣታቸው እየረገጡ ነበር የሚያልፉት። አሁን «እትዬ ዚግዛግ፣ እንደምን አደሩ» ብለው ይጮኹብኛል። ስሙን ከስፌት መኪናዬ ስፌት ወስዳ ያወጣችልኝ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ናት። እሷን ራሷን ጭራሮ ነው የሚሏት፤ ካየሻት ስሟን አትጠይቂም። ዝናብ ከያዛቸው ስፌት ክፍል ገብተው ክሩ ያለቀበትን ማጠንጠኛ ለመጫወቻ መኪና ጎማ ይለቃቅማሉ። ዘይቱኑ ላይ ይወጣሉ፤ ግንቡ ላይ እንደ ድመት ይሄዳሉ። አንቺን ፌንጣ ያሰኘሽ እዚያው ግንብ አይደለም? ልጅሽም እዚያው ላይ ትሄድበታለች።

መልስሽን እጠብቃለሁ። ልጅሽን ሳሚልኝ።

እህትሽ


ኅዳር 21

ለምወድሽ እትዬ፣

ጤና ይብዛልሽ፤ እጅሽ አይዛል፣ ዓይንሽ አይድከም። ደብዳቤሽን ለልጄ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ዚግዛግ የሚለው ላይ ስደርስ ሳቀች፤ «አክስቴ መንገድ ስትሄድ እንደዚያ ነው የምትሄደው?» አለችኝ። እኔ ግን ከዚያ በታች ያለውን ለብቻዬ ደግሜ አነበብኩት።

መምጣቷ እውነት ነው። እዚህ ባዕድ አገር ዕረፍቱን ሙሉ እሷን የማቆይበት ቦታ የለኝም፤ ደግሞም የእናቴን ቤት ሳታይ እንድታድግ አልፈልግም። ነገር ግን እትዬ፣ የማንም ልጅ እንደፈለገ የሚገባበትና የሚወጣበት ግቢ ውስጥ እንዴት አድርጌ ጥያት ልመለስ?

ሥራዬን ታውቂያለሽ፤ የሕፃናት መዋያ ነው። ወለሉ ጎማ ነው። የጠረጴዛው ጥግ ሁሉ ስፖንጅ ተለጥፎበታል። ወደ መናፈሻ ስንወጣ ረጅም ገመድ አለን፤ ገመዱ ላይ ቀለበት ቀለበት አለበት። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ቀለበት ይይዛል፤ እኔ ከፊት፣ የሥራ ባልደረባዬ ከኋላ። አንድ ልጅ ጉልበቱ ከተላጠ እናቱ ከሥራዋ ትጠራለች። እኔም ኃላፊዋ ፊት ቆሜ የት ቆሜ እንደነበር፣ ወዴት እያየሁ እንደነበር እናገራለሁ። ከለመድኩት ወዲህ መንገድ ላይ ልጅ ሳይ ልጁን አይደለም የማየው፤ የሚወድቅበትን ነው።

ልጄ አሥር ዓመቷ ነው፤ መንገድ ብቻዋን ተሻግራ አታውቅም። ብስክሌቷን የምትነዳው ኮሪደር ውስጥ ነው፤ ከበሩ እስከ ማድ ቤቱ፣ ከማድ ቤቱ እስከ በሩ። የእኛ ዘመን ሌላ ነበር። ማንም አያየንም ነበር፤ የሚጠብቀን ፈጣሪ ብቻ ነበር። እኛ ተረፍን፤ ግን ተረፍን ብዬ ልጄን አልሰጥም።

ስለዚህ ቀዳዳውን አዘጊልኝ። የዘይቱኑን ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ አስቆርጪው። የውሃ ታንከሩ ክዳን የሚቆለፍ ይሁን። ወጪውን እኔ እልካለሁ። እነዚህ ካልሆኑ እሷን ማምጣቱ ይቸግረኛል። አትቀየሚኝ።

ታናሽሽ


ታኅሣሥ 15

ለእህቴ፣

የላክሽው ሰላምታ ደርሶኛል፤ ያንቺንም ቤት ሰላም ያድርገው። ምን ያስቀይመኛል? ልጅ የወለደው ነው የሚያውቀው።

ያልሽኝ ሁሉ ተደርጓል። ታንከሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ዘይቱኑን የቆረጠው ሰውዬ አንድ ቅርንጫፍ ብለው ግማሽ ዛፍ አወረደብኝ። ቀዳዳውንም ግንበኛ አምጥቼ በብሎኬት አስዘጋሁት። ሲሚንቶውን እያቦካ «እትዬ፣ እዚህ ግቢ ወርቅ አለ እንዴ?» አለኝ። «ሊመጣ ነው» አልኩት። እሱ የመሰለው ሌላ ነው መሰለኝ፤ ከዚያ በኋላ ዋጋ ጨመረብኝ።

ልጆቹ ከወዲያ በኩል ቆመው ያዩት ነበር። ግንቡ ጉልበታቸው ጋ እያለ እየዘለሉ ይገቡና ይወጡ ነበር። ደረታቸው ጋ ሲደርስ መዝለሉ ቀረ። ጭራሮ ብቻ በላዩ አንገቷን አስግጋ፣

«እትዬ፣ ምን አጥፍተን ነው?» አለችኝ።

«ምንም። እንግዳ ሊመጣ ነው።»

«እንግዳው አይወደንም?»

«አያውቃችሁም» አልኳት። ግንበኛው የመጨረሻውን ብሎኬት ሲያስቀምጥ ፊቷ ከዚያ ወዲያ ነበር።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ ልቆጣሽ አይደለም። ማንም አያየንም ነበር ብለሻል። አንቺ ከጎረቤት ጣሪያ ወደ እኛ ጣሪያ ስትዘይ፣ ግንቡ ላይ ዓይንሽን ጨፍነሽ ስትሄጂ፣ ፈጣሪስ በእርግጥ ይጠብቅሽ ነበር፤ ከሥር ግን እኔ ነበርኩ። እናታችን «እሷን አትከልክያት፤ ትቀጭጭብኛለች። ግን ከዓይንሽ እንዳትጠፋ» ብላኝ ነበር። ከአንቺ የምበልጠው በጥቂት ነው፤ ግን ታላቅ ታላቅ ነው። አንገቴን አቅንቼ፣ ቀሚሴን በሁለት እጄ ዘርግቼ፣ አንቺ ወደ ሄድሽበት እየተከተልኩሽ በግንቡ ሥር ነው ያደግኩት። ብትወድቂ ቀሚሱ ይይዝሽ ነበር ወይ? ዛሬ ጨርቅ አውቃለሁ፤ አይይዝሽም ነበር። ያኔ ግን ይይዛል ብዬ አምን ነበር። አንቺ ወደ ታች አይተሽ አታውቂም፤ ፌንጣ ወደ ታች አታይም።

ይህን የምነግርሽ ልጅሽን እኔ አያታለሁ ልልሽ ነው። ሌላ ችሎታ ባይኖረኝ ይህን አውቃለሁ።

እህትሽ


የካቲት 26

ለውድ እትዬ፣

ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ፤ ሰላሙን ሁሉ አብዝቶ ያድልሽ። ሥራ በዝቶብኝ ነበር። እሱ ብቻ እንኳ አይደለም። ስለ ግንቡ ሥር የጻፍሽውን አንብቤ ምን ብዬ እንደምመልስልሽ አጣሁ። አሁንም አላገኘሁትም፤ ስለዚህ ሌላ ሌላውን ልጻፍልሽ።

ቲኬቱን ቆርጫለሁ። ለልጄ ቀዳዳው ተዘግቷል ስላት ተኮሳተረች። «ታዲያ ልጆቹ በየት በኩል ይምጡ?» አለችኝ። በበር ይመጣሉ አልኳት። በበር ይመጣሉ አይደል?

ባለፈው ሳምንት አንድ ነገር ሞከርኩ። ቆሻሻውን ይዘሽ ውረጂና ጣይ አልኳት፤ ማጠራቀሚያው የሕንፃችን በር ላይ ነው። ደስታዋን ብታዪ፤ ለቆሻሻ ካፖርት ለበሰች። ጫማዬን ሳላጠልቅ ከታች ያለችው አሮጊት ጎረቤታችን እጇን ይዛ መልሳ አመጣቻት። «ይህች ልጅ ብቻዋን ነበረች» አለችኝ። ልጄ ነች አልኳት። «አውቃለሁ። ብቻዋን ነበረች» ብላ በትከሻዬ በኩል ቤቴን ወደ ውስጥ አየች። ሌላ ጊዜ ካየኋት ለሚመለከተው እናገራለሁ አለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ስታመም ሾርባ አምጥታልኛለች። እዚህ ልጅ ብቻዋን ከታየች ልጅቷ አይደለችም የምትታየው፤ እናቷ ናት።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ አንድ ነገር ሳስተውል ሰነበትኩ። መንገድ ላይ እጇን ስለቃት ጣቶቿን ጨብጣ ነው የምትሄደው። ገመዱ ላይ ያለውን ቀለበት የያዘች ይመስል። እኔ ከምሠራበት መዋያ የወጣችው ከስንት ጊዜ በፊት ነው።

የእጅ ሰዓት ገዝቼላታለሁ። የት እንዳለች እዚህ ሆኜ በስልኬ አያለሁ። የእናንተ ሰፈር ኔትወርክ ደህና ነው? ጓሮ ድረስ ይይዛል? ሞክረሽ ጻፊልኝ። ደግሞ ስለ ልጆቹ ምንም አላልሽም፤ የሚመጡት እነማን እንደሆኑ፣ ወላጆቻቸው ምን እንደሚሠሩ ብትነግሪኝ ደስ ይለኛል።

ታናሽሽ


መጋቢት 20

ለእህቴ፣

አንቺንም ልጅሽንም ከክፉ ይሰውራችሁ። ኔትወርኩን ሞክሬዋለሁ፤ ስፌት ክፍል ይይዛል፣ ጓሮ ይቆራረጣል። ይህ ግን የደብዳቤው ቁም ነገር አይደለም።

ልጆቹ በበር አይመጡም። በበር የሚመጣ እንግዳ ነው፤ እነሱ መንገደኛ ነበሩ። ሲያልፉ ነበር የሚገቡት። እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ ያሰብኩት ይህን ብቻ ነበር፤ እኔ ብቻዬን መቅረቴን። ከሰዓት የስፌት መኪናዬን አቁሜ ጆሮዬን አቀና ነበር። ከብሎኬቱ ወዲያ ድምፃቸው ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ሐምሌ ሲደርስ ልጅሽ ትመጣለች፣ ቤቱ ይሞላል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ልጆቹ ታዲያ በየት በኩል ነው የሚሄዱት ብዬ ግን አንድ ቀን አልጠየቅኩም። እኔ፣ ልጅ በየት በኩል ሄደ እያልኩ ያደግኩት ሰው።

ማክሰኞ ዳቦ ጋጋሪው መጣ። የጭራሮን የዩኒፎርም ሱሪ አጣጥፎ ይዟል።

«እትዬ፣ አንደኛውን እግሩን በጎን ይተርትሩልኝ። ጀሶው አላስገባ አለ።»

«የምን ጀሶ?»

«አስፋልቱ ላይ ሞተር ብስክሌት ነካት። እግሯ ነው። ተረፈች፤ ፈጣሪ ይመስገን።» ከዚያ ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ «ድሮ በእርስዎ ግቢ ነበር የምትሄደው» አለ። ነገር ሊፈልግ አይደለም። ሰው ዛሬ ደመና ነው እንደሚለው ነው ያለው።

ግቢያችንን ዞሮ የሚያልፈውን አስፋልት ታስታውሺዋለሽ፤ እኛ ልጆች ሳለን አህያና ጋሪ ነበር የሚሄድበት። አሁን ድንጋይ የጫነ መኪና ነው ቀኑን ሙሉ። አንዲት ልጅ ልጠብቅ ብዬ የቀሩትን ሁሉ ወደዚያ አወጣኋቸው።

የሱሪውን ስፌት ተረተርኩት። ራሴ የሰፋሁት ስለሆነ ጠንካራ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ልክፈል ቢለኝ እጁን ያዝኩት። በማግስቱ ግንበኛውን ጠራሁት። «ያኔ ዝጋ፣ ዛሬ ክፈት። ግድግዳውን ነው ወይስ እኔን የሚፈትኑት?» አለኝ። ክፈተው፤ ጠርዙን ግን አለስልሰው፣ የሚላጥ እንዳይኖር አልኩት። ቀዳዳ ሲለሰን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው አለ፤ ግን ለሰነው።

አሁን ተከፍቷል። ጠዋት ጠዋት መኪናውን ከመጀመሬ በፊት እዚያ እቆማለሁ፤ አልፈው በበሩ እስኪወጡ አያቸዋለሁ። ገና ያፍሩኛል። ጭራሮን አባቷ አዝሏት ነው የሚያልፈው።

ይህን ስጽፍልሽ ምን እንደምጽፍ አውቃለሁ። ቀዳዳው ካልተዘጋ ይቸግረኛል ብለሽኛል። ደብቄሽ ብታመጫት ይቻል ነበር፤ ግን ያ አንቺን ማታለል ነው። ቀዳዳውን መልሼ አልዘጋውም። ልጅሽን ግን አምጫት። ወደ እሱ እንዳትቀርብ ከፈለግሽ ከጎኔ አትለይም፤ እሱን እችላለሁ። ሁለቱንም የምችል ይመስለኛል።

እህትሽ


ግንቦት 25

ለእህቴ፣

ሰላም ለቤትሽ ይሁን። ደብዳቤዬ ደርሶሽ እንደሆነ አላውቅም። ባለፈው ደወልኩልሽ፤ አነሳሽው። ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ ተባባልን። ስለ ሐምሌ አልጠየቅኩሽም፤ አንቺም አላነሳሽም። ከኋላሽ የብስክሌት ጎማ ሲንከባለል ሰማሁት፤ እየመጣ፣ እየሄደ። እሷ ናት ብዬ ልጠይቅሽ ስል ዘጋሽው።

ጭራሮ ጀሶዋን ፈታች። ትንሽ ትጎትታለች፤ ሐኪሙ ይለቃታል ብሏል። የተረተርኩትን ሱሪ መልሼ ሰፋሁላት።

ለልጅሽ አንድ ቀሚስ ሰፍቻለሁ። ልኳን ስለማላውቅ ጭራሮን አቁሜ ለካሁባት። «እሷ እንደኔ ቀጭን ናት?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ጠርዙን ሰፋ አድርጌ ነው ያጠፍኩት፤ ከጠበበ እለቀዋለሁ።

እምቢም ቢሆን ጻፊልኝ። እምቢን እችላለሁ፤ የማልችለው ዝምታውን ነው።

እህትሽ


ሰኔ 18

ለምወድሽ እትዬ፣

የሚያጽናናሽን ሰው አያሳጣሽ። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ።

አላመጣትም፤ እኔም አልመጣም። ቲኬቱን መለስኩት። ቀድሜ ልነግርሽ የሚገባውን አሁን መንገሬ ያሳፍረኛል። በቀዳዳው ምክንያት ብትዪ እውነት ይመስላል፤ ግን እሱ አይደለም። ብትዘጊውም ሌላ ነገር አገኝ ነበር። ደረጃውን፣ ምላጩን፣ የመኪናሽን መርፌ። ለመለቀቅ ያልደረሰችው እሷ መስላኝ ነበር እትዬ። ለመልቀቅ ያልደረስኩት እኔ ነኝ።

የልጅቷን እግር ሳነብ መጀመሪያ ያሰብኩት የእኔ ልጅ ብትሆንስ ነው። የእኔ ቃል ያመጣው እንደሆነ ያሰብኩት ቆይቶ ነው። ለአባቷ ምን እንደምትይልኝ አላውቅም። ምንም አትበይው። ወይም አንቺ የሚመስልሽን በይው።

ለልጄ ሁልጊዜ ስለዚያ ጣሪያ እተርክላት ነበር። ማንም አይይዘንም፣ ማንም አያየንም ነበር እያልኩ። እሷም «ታዲያ እኔንስ ለምን?» ትለኛለች፤ ዘመኑ ነው እላታለሁ። አሁን ሳስበው ዘመን ብቻ አይደለም። እዚህም ሰው ያያል፤ የሚያየው ግን ለመናገር ነው። አንቺ የምታዪኝ ለመያዝ ነበር። ያን ያህል ዓመት አንገትሽ አልታመመም? ተራ እንኳ ሰጥቼሽ አላውቅም። ግንቡ ላይ ወጥተሽ ታውቂያለሽ? አላስታውስም፤ አለማስታወሴ ራሱ መልስ ነው መሰለኝ።

ትናንት ያንቺን ደብዳቤዎች አነበብኩላት፤ ደስ የሚለውን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም። ሰማችና «መልሱን እኔ ልክተተው?» አለችኝ። የፖስታ ሳጥኑ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ መንገዱ የመሻገሪያ መብራት አለው።

«እሺ» አልኳት።

«ብቻዬን?»

«ብቻሽን።»

«አሮጊቷስ?»

«አሮጊቷን እኔ አነጋግራታለሁ።»

ከዚያ «መስኮት ላይ እንዳትቆሚ» አለችኝ። ቃል አልገባሁላትም።

ቀሚሱን አስቀምጪላት። ከጠበባት እንደምትለቂው ነግሬያታለሁ። የሚመጣው ዓመት ብዬ ተስፋ አልሰጥሽም፤ ተስፋ ሰጥቼሽ ያደረግሁትን አይቻለሁ።

አሁን ካፖርቷን ለብሳ በር ላይ ቆማለች። ጨረስሽ ወይ ትለኛለች። ሌላም የምጽፍልሽ ነበረኝ፤ ግን አንድ መስመር ከጨመርኩ ደብዳቤውን ላልሰጣት ነው።

ታናሽሽ